ቀብዱ የተከፈለው በጾሙ በዘጠነኛው ቀን ነበር

ጥያቄ

የተከበሩ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ በሐዋሳ የአንዲት አጥቢያ መጋቢ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። ምእመናኑ 260 ያህል ነን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኪራይ አዳራሽ ነው የኖርነው፤ አከራዩም በየዓመቱ ይጨምርብናል።

ባለፈው ዓመት በደላላ 500 ካሬ የሚሆን ቦታ አገኘን። የ21 ቀን ጾም ጸሎት አወጅን። በጸሎቱ መካከል ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን «ምድሪቱን ሰጥቻችኋለሁ» የሚል ቃል አመጡ። እህቶች የጣት ቀለበታቸውን ሳይቀር አውልቀው ሰጡ። በጾሙ በዘጠነኛው ቀን ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል ስላለን 400,000 ብር ቀብድ ከፈልን። ጾሙን በምስጋና ፈታን። ከዚያ በኋላ ነው ቦታው በወራሾች መካከል ክርክር ያለበት መሆኑን ያወቅነው። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል።

አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ገና ከመጀመሪያው «ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄደን እናጣራ» ብሎ ነበር። እኔ በሰው ፊት «የጥርጥር መንፈስ አታምጣብን» አልኩት። አሁን ስብሰባ ይመጣል፣ ግን አይናገርም።

ታዲያ የጸለይነው ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ ነበር ማለት ነው? ከእንግዲህስ መሪ ሆኜ በሕዝብ ፊት «ፈቃድህ ቢሆን» ብዬ ብጸልይ የሰዉን እምነት አላወርድም? እኛ የተማርነው እንዲህ ያለው ጸሎት ያለማመን ጸሎት ነው ተብለን ነው። መድረክ ላይ ስወጣ አፌ ይያዛል። ብቻዬን ስሆንም መጸለይ ከብዶኛል።

አፉ የተያዘ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣ ሰላም ለአንተም ይሁን። መጋቢን «አንተ» ማለት አልወድም። ግን በዕድሜ የመጨረሻ ልጄን ታክላለህና ይቅርታህን ጠይቄ «አንተ» ልበልህ። እንዲህ ያለ ነገር በ«እርስዎ» አይወራም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ አዘንኩ። ሁለተኛ ስለ ቀለበቶቹ። በሦስተኛው ግን ዓይኔ አንድ ቁጥር ላይ ተተከለ። ዘጠኝ። ጾሙ 21 ቀን ነው፤ ቀብዱ የተከፈለው በዘጠነኛው ቀን ነው። እንግዲህ በቀሩት 12 ቀናት ምን እየተባለ ነበር የሚጸለየው? እግዚአብሔር በ15ኛው ቀን «ተዉት» ቢል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ብሩ እኮ ከእጅ ወጥቷል።

ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ እመጣበታለሁ። ግን «የጸለይነው ከፈቃዱ ውጭ ነበር ወይ?» ከማለትህ በፊት «እየጠየቅን ነበር ወይስ እያስፈረምን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ታውቀዋለህ፤ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ኮፒው ሁሉ ተነሥቶ አለቃው ጋ ለፊርማ ይገባል። ጸሐፊዋ «እዚህ ጋ ብቻ» ትላለች በጣቷ እያሳየች። እኛ መሪዎች ብዙ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር የምንገባው እንደዚያች ጸሐፊ ነው።

ኤርምያስ 42ን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ አንብበው። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች። ገዢ ተደርጎ የተሾመው ጎዶልያስ ተገድሏል። የቃሬያ ልጅ ዮሐናን የተረፈውን ሕዝብ ይዞ ባቢሎናውያንን ፈርቶ ሸሽቷል። ከዚያ ሁሉም፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ ወደ ኤርምያስ ይመጣሉ። «ጸልይልን፤ የምንሄድበትን መንገድ ይንገረን» ይላሉ። ይምላሉም፤ መልካም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንሰማለን ይላሉ። ከዚህ የሚበልጥ የተቀደሰ የጸሎት ርእስ ከየት ይመጣል? መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። «በዚች ምድር ተቀመጡ፤ ግብፅ አትግቡ» የሚል ነበር። ወዲያው ኤርምያስን «ሐሰት ትናገራለህ» አሉት።

ለምን? አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለስና 41 መጨረሻ ላይ የሰፈሩበትን ቦታ እይ። ከቤተ ልሔም አጠገብ ናቸው፣ ወደ ግብፅ ለመሄድ። ጸሎት ሳይጠይቁ በፊት ጓዛቸው ተጭኖ፣ ፊታቸው ወደ ደቡብ ዞሯል። ቀብዱ ተከፍሏል ማለት ነው። ሰዎቹ ግብዞች ነበሩ ብዬ አላስብም። ሲምሉ ከልባቸው ይመስለኛል። ልባቸው ግን ቀድሞ ተሻግሮ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገርህ።

በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንዲት አጥቢያ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነበርኩ። ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ ስብሰባ። ያኔ አንድ ገንዘብ ያዥ ነበረን። ጥሩ ሰው፣ ግን ችኮ። ከአፉ የማትጠፋ አንድ ቃል ነበረችው፦ ደረሰኝ። «ደረሰኙ የታል?» «ያለ ደረሰኝ አልከፍልም።» መዘምራኑ ከኋላው «ወንድም ደረሰኝ» ይሉት ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እኔ በዚያ ወቅት ሰፊ ራእይ ነበረኝ። አዲስ ኪቦርድ፣ አዲስ የድምፅ ማጉያ፣ ለገጠር ወንጌል የሚመላለስ መኪና በኪራይ። እሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ፊት ይዞ «ገንዘቡ ከየት ነው?» ይላል።

አምስት ወር ጸለይኩበት። በየማለዳው 11 ሰዓት። በእርግጥ «ይህን ሰውዬ ገላግለኝ» አላልኩም። መሪ እንዲህ በግልጽ አይጸልይም። «ጌታ ሆይ፣ ለሥራህ እንቅፋት የሆነውን ሁሉ አስወግድ» ነበር የምለው። እግዚአብሔር ግን የማንን ስም እንደምጠራ ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

በአምስተኛው ወር ሰውዬውን መሥሪያ ቤቱ ወደ ድሬዳዋ አዛወረው። ያን ቀን እየበረርኩ ነው ቤት የገባሁት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ጌታ ሰማኝ!» አልኳት፤ ነገርኳት። ጀበናዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና «ሰማህ ወይስ ተወህ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ሦስተኛውን ሳልጠጣ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር አልፈጀም። ኪቦርዱ በዱቤ ተገዛ። መኪናው ተከራየ። «ገንዘቡ ከየት ነው?» የሚል ሰው አልነበረም። የአዳራሹ ኪራይ ሰባት ወር ተከማቸ። አንድ እሑድ ጠዋት ስንደርስ አከራዩ ቁልፉን ለውጦታል። ክረምት ነበር። እናቶች ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ዘመሩ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ወደ ፊት መሄድ አልቻልኩም። ያን ቀን መዝሙር 106 ትዝ አለኝ፤ እስራኤል በምድረ በዳ የለመኑትን ሰጣቸው፣ ነፍሳቸውን ግን አከሳ የሚለው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነበው ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የነገርኩህ ለምን መሰለህ? አንተ ያልተሰጠህን ጸሎት ይዘህ «ከፈቃዱ ውጭ ነበርን ወይ?» ትላለህ። እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ይዤ ከፈቃዱ ውጭ ነበርኩ። ስለዚህ መሬቱ መቅረቱን ብቻ እንደ ፍርድ አትቁጠረው። ቢሳካ ኖሮም ማስረጃ አይሆንም ነበር። ምናልባት የቀረባችሁ ነገር ምሕረት ነው። 400,000 ብር ብዙ ነው፤ ግን ሙሉውን ከፍላችሁ፣ ግንቡን አቁማችሁ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ብትጠሩስ?

«ፈቃድህ ቢሆን» ወደሚለው ልምጣ። ይህ ትምህርት ስንቱን መጋቢ እንዳስጨነቀ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በደብዳቤ ይደርሰኛል። ማርቆስ ወንጌልን ክፈትና ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ምዕራፍ 1 ላይ ለምጻሙ ተንበርክኮ «ብትወድስ ልታነጻኝ ትችላለህ» ይላል። ጌታ ገሠጸው? አልገሠጸውም። አዘነለት፤ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰውና «እወዳለሁ፣ ንጻ» አለው። ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ ልጁ የሚጣልበት አባት «ቢቻልህ» ብሎ መጣ። ጌታ ያነሣበት ይህቺን ነው። «ቢቻልህ ትላለህ?» አለው። አየህ፣ «ብትወድ» ሌላ፣ «ቢቻልህ» ሌላ። አንዱ ለጌትነቱ ይሰግዳል፣ ሌላው ኃይሉን ይጠራጠራል። እኛ ሁለቱን አደባልቀን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተትናቸው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሄዶ ያንኑ ቃል ጸለየ፤ እኔ እንደምወድ ሳይሆን አንተ እንደምትወድ አለ። እሱን ያለማመን ጸሎት ጸለየ የሚል ካለ ይቅረብ።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ «ፈቃድህ ቢሆን»ን ማምለጫ የሚያደርጉ አሉ። እኔ ራሴ ሰንፌ ሳለሁ ብዬዋለሁ። ሰው ታሞ ቤቱ ሄጄ፣ ቡናውን ጠጥቼ፣ ልወጣ ስል «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ቢሆን…» እያልኩ ሳልታገል አልፌአለሁ። ያ መገዛት አይደለም፤ መቸኮል ነው። ጌታ ሦስት ጊዜ ለምኖ፣ ላቡ እንደ ደም ወዝ ወርዶ ነው «አንተ እንደምትወድ» ያለው። ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኗል። ፈልገህ፣ ለምነህ፣ አልቅሰህ፣ ከዚያ እጅህን ትከፍታለህ። ምንም ሳትፈልግ እጅህን ብትከፍትማ ምኑን ሰጠኸው?

ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ «ፈቃድህ ቢሆን» አይባልም። የተጻፈው ተጽፏል። «ፈቃድህ ቢሆን ይህን ወንድም ይቅር እንድለው እርዳኝ» ብለህ ብትጸልይ ያስቃል። ፈቃዱ ነው፤ አትጠይቅ፣ ሂድና ታረቅ። ጥበብ የጎደለው ይለምን፣ በልግስና ይሰጠዋል ብሎ ያዕቆብ ጽፏል፤ ይህን በሙሉ አፍህ ለምን። ስለ ገዢዎች፣ ስለ አገር ሰላም መጸለይ ተጽፏል። እንደ ፈቃዱ አንዳች ብንለምን ይሰማናል የሚለው የዮሐንስ መልእክት ድፍረት የሚሰጠን እዚህ ጋ ነው። «በሐዋሳ 500 ካሬ» ግን የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ለእሱ ስትጸልይ ለምጻሙን ምሰል።

«ታዲያ የመጣው ቃልስ?» ትለኝ ይሆናል። ሦስት ሰው ነው የተናገረው። ሰዎቹ ሆን ብለው ዋሹ አልልም። ግን «ምድሪቱን ሰጥቻችኋለሁ» ከልጅነታችን ጀምሮ በኢያሱ የሰማነው ቃል ነው። ሰው ተርቦ፣ ሌሊት አድሮ፣ በዙሪያው ሁሉ «አሜን» እየተባለ ስለ መሬት ሲጸልይ መጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጣው ምን ይመስልሃል? «መሬቱን ተዉት» የሚል ቃል ይዞ የመጣ ሰው ቢኖርስ ያን ሰሞን የሚናገርበት ቦታ ነበረው? ካርታ እናጣራ ያለው ሽማግሌ እንኳ አልነበረውም።

ናታንን አስበው። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ አለው። ናታን ነቢይ ነው፤ ያውም የምር ነቢይ። «በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው» አለው። ሌሊቱን እግዚአብሔር መጥቶ «አይደለም» አለው። ናታንም ተመልሶ ሄደና ለንጉሡ ነገረው። እኔ በዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ መመለሱ ነው። ትናንት «አድርግ» ያልኩህን ዛሬ «አታድርግ» ብዬ ንጉሥ ፊት መቆም! ዳዊትም አልተቆጣም። ገብቶ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጠና ጸለየ። ጸሎቱን አንብበው፤ 2ኛ ሳሙኤል 7 ነው። እግዚአብሔር የተናገረውን ቃል መልሶ ለእግዚአብሔር ይነግረዋል። አንተ ስላልክ ነው እንዲህ ብዬ ልጸልይ የደፈርኩት ይላል። በኋላ ደግሞ ቤቱን እሱ እንደማይሠራ እያወቀ ለልጁ ወርቅና ብር፣ ዝግባና ድንጋይ ሲያከማች ኖረ። መሪ «አይሆንም» ተብሎ እንዲህ ሲሠራ ማየት ብርቅ ነው።

እነዚያን ሦስቱን ለየብቻ ጠርተህ አነጋግራቸው። መድረክ ላይ አይደለም። «ቃሉ እንዴት መጣልህ?» ብለህ ጠይቅ፣ አድምጥ። አንዱ እንኳ «መጋቢ፣ አንተን ደስ ለማሰኘት ነበር» ቢልህ አትደንግጥ። እኛ መሪዎች ስንት ጊዜ መስማት የምንፈልገውን በፊታችን ላይ ጽፈን እንወጣለን!

ስለ ዳንኤል አንድ ነገር ላክልና ልለፍ። የ21 ቀን ጾም የምንለው ከዳንኤል 10 ነው። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ያዘነው፣ ማለፊያ እንጀራ ያልበላው፣ ሥጋና ጠጅ በአፉ ያልገባው ለማስተዋል ነው። መልአኩም «ልብህ ያስተውል ዘንድ» ብሎታል። እኛ ጾሙን ወስደን ርእሱን ቀየርነው። እግዚአብሔር ላይ የረሀብ አድማ የምንመታ ይመስል አንዳንዴ።

ሌላው መሪዎችን የሚያስት ቃል «በር ተከፈተ» የሚለው ነው። ሻጭ ተገኘ፣ ደላላው ደወለ፣ ገንዘቡ ተዋጣ፤ በር ተከፈተ! ቄስ ጉዲና ቱምሳን ታውቃቸዋለህ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ከእስር ሲፈቱ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ሳይቀሩ የገቡበት። እንዴት ያለ የተከፈተ በር ነው! እሳቸው ግን መንጋዬን በፈተና ሰዓት ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በሩ ክፍት ነበር፤ አልገቡበትም።

የተዘጋ በርም አለ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የወላይታን ሚስዮናውያን ሲያስወጣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ልባቸው ምን ያህል እንደደማ መገመት አያስቸግርም። ማን ያስተምራቸዋል? ማን ይጠብቃቸዋል? ጣሊያን ወጥቶ ሲመለሱ አማኞቹ ወደ 10,000 ደርሰው ጠበቋቸው። እዚያ የነበሩት የወላይታ ሽማግሌዎች ምን ብለው ይጸልዩ እንደነበር ባውቅ ደስ ባለኝ። ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ አዳራሽ አልነበራቸውም።

አዳራሽ ካነሣን አንድ የሚቆረቁር ነገር ልጠይቅህ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ። ያን መሬት ስትለምን በልብህ ማን ነበር? በቆርቆሮው ሙቀት የሚሰቃዩት እናቶች ነበሩ? ወይስ ከመንገዱ ማዶ ባለ ሦስት ፎቅ የሠራው የሌላው አጥቢያ መጋቢ? ያዕቆብና ዮሐንስ ወደ ጌታ መጥተው «የምንለምንህን ሁሉ እንድታደርግልን እንወዳለን» ብለው ነበር። ባዶ ቼክ ላይ ፈርም እንደ ማለት ነው። ጌታም «ምን ላደርግላችሁ ትወዳላችሁ?» አላቸው። ሲወጣ ወንበር ነው። ቀኝና ግራ። እኔ ኪቦርዱን ስፈልግ በልቤ የነበረው ወንበር ነበር። አንተ ከእኔ ትሻል ይሆናል።

እሺ፣ አሁን ምን ላድርግ ትላለህ።

መጸለይ ከብዶኛል ያልከው አላስደነገጠኝም። አፍህ የተያዘው መድረክ ላይ ያላለቀ ነገር ስላለ ይመስለኛል። ሕዝቡ ጾሙን በምስጋና ፈትቷል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቆሞ የነገረው የለም። በየቤቱ ግን ይወራል። ስለዚህ አንድ እሑድ ተነሣና ንገራቸው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ጠላት ተዋጋን» አትበል። ጠላት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ እንዳታጣሩ አልከለከላችሁም። «ቸኮልን፤ ቀብዱን የከፈልነው ጸሎቱን ሳንጨርስ ነው። ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ» በል። ገንዘቡ የት እንደደረሰ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ በቁጥር ንገራቸው። ቀለበት የሰጡትን እህቶች ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ካለ ያ ዝርዝር እንዳይጠፋ። ብሩ ሲመለስ መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ፤ ይመለስላቸው ወይስ ለሌላ ሥራ ይዋል የሚለውን እነሱ ይወስኑ።

ሳሙኤልን እስራኤል ንጉሥ ስጠን ብለው አሳዝነውት ነበር፤ ሆኖም «ስለ እናንተ መጸለይን በመተው እግዚአብሔርን መበደል ከእኔ ይራቅ» አላቸው። አንተም ዛሬ ስለ መሬት መጸለይ ካቃተህ ተወው። 260 ሰው አለህ። ማታ ማታ አሥር አሥር ስም ጥራ። ልጇ ዓረብ አገር ያለችባት፣ ሥራ የፈታው፣ ባሏ የሚጠጣባት። ለእነሱ ስትጸልይ ፈቃዱ ምን እንደሆነ አትቸገርም። አፍህም በዚያ ይፈታል ብዬ አስባለሁ፤ የእኔ እንደዚያ ነው የተፈታው።

ለወደፊቱ፣ እኛ ከዚያ ከተቆለፈው በር በኋላ የጀመርናትን አንዲት ልማድ ላካፍልህ። ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ፣ ጸሎት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሽማግሌ በትንሽ ወረቀት ላይ «ምን ብናይ ይህን ነገር እንተወዋለን?» የሚለውን ይጽፋል። «ካርታው ንጹሕ ካልሆነ።» «ዕዳ የሚያስገባን ከሆነ።» «ከመካከላችን ሁለት ሰው ካልተስማማ።» ወረቀቶቹ ተሰብስበው ቃለ ጉባኤው ውስጥ ይገባሉ። ጸሎቱ እስኪያልቅ አንድ ብር አይወጣም፤ ደላላው ቢያለቅስም። መጀመሪያ ሰሞን «ይህ መንፈሳዊ አይደለም» ያሉ ነበሩ። እኔም የሐዋርያት ሥራ 15ን አሳየኋቸው። «ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ መልካም ሆኖ ታየን» የሚለው ያ የሚያምር ቃል የተጻፈው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ተከራክረዋል፣ ተሰምተዋል፣ ያዕቆብ መጽሐፍ ጠቅሷል፤ ከዚያ ነው «መንፈስ ቅዱስ» ያሉት። እኛ ከፊት እናመጣውና ክርክሩን እንዘጋበታለን። አንድ መሪ «ጌታ ተናገረኝ» ካለ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?

የዚያ የእናንተ ሽማግሌ ነገር ነው ከሁሉ የከበደኝ። የተሰደበው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን። ቢሮ ጠርተህ በሹክሹክታ አይሆንም። ግን ከዚያ በፊት ብቻውን አግኘው።

እኔ ያንን ገንዘብ ያዥ ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ድሬዳዋ ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። ቤቱ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ያቃጥላል። በሸሚዝ ተቀምጦ አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ አምስቱን ወር፣ የጸለይኩትን፣ ሁሉንም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «የአውቶቡሱን ደረሰኝ ይዘሃል?» አለኝ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን።

የአንተ ሰው እዚያው ሐዋሳ ነው። አውቶቡስ አያስፈልግህም። በዚህ እሑድ፣ ሰው ሲበተን፣ ቡና ልጋብዝህ በለውና ውሰደው። ከዚያ ያለውን ጻፍልኝ።